የተጋደመው እንቁላል

ፎቶ አንሺው ላፕቶፑን ከፍቶ ተነጫነጨ። ታናሽ እህቱ ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ሲስተም አጥፍታ በነፃ የሚገኝ አዲስ ከጫነችለት ወዲህ፣ የሚያነሳው ሰው ሁሉ ጉንጩ ያበጠ ይመስላል። እሱም ሌንሱን ሲረግም ሰነበተ።

«ጋሼ፣ ሌንሱ ምን አደረገህ? ድራይቨሩ ነው እኮ፣ የስክሪኑን ሥራ የሚመራው» አለች እህቱ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ደግነቱ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ይስተካከላል።»

«ክፍት ቤት ውስጥማ ማን የማይገባ አለ!»

ሳቀችና ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ሣለች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የተጋደመ እንቁላል።»

«እኔ የሣልኩት ክብ ነው። ድራይቨሩ ስክሪንህን የድሮዎቹ ጠባብ ስክሪኖች መስሎታል። ስለዚህ ምስሉን ወደ ጎን እየለጠጠ ያሳይሃል።»

ጥቂት መስመር ጻፈች፤ አጥፍታ አበራችው። እንቁላሉ ክብ ሆነ። ፎቶ አንሺው ሊመርቃት አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ።

የዳቦ ቤቷ እመቤት ፎቶ ትዝ አለው። ትናንት ጉንጫቸው ከልክ በላይ ሰፍቶ ሲያየው፣ ትክክል እስኪመስለው ድረስ ከግራና ከቀኝ አጥብቦ ወደ ማተሚያ ቤት ልኮታል። አሁን በድንጋጤ ከፈተው። ሴትዮዋ አንገታቸው መዘዝ፣ ወገባቸው ቅጥን ብሎ ፈገግ ብለዋል። ዳቦ ቤታቸው በር ላይ ሲቆሙ ሰው በጎኑ ዞሮ የሚያልፋቸው ሴትዮ!

«ማተሚያ ቤቱ ጋ ደውል እንጂ!» አለች እህቱ።

«ጠዋት ራሳቸው ሄደው ወስደውታል። አለቀልኝ! ሰፈሩ በሙሉ ዳቦ የሚገዛው ከሳቸው ነው። አፌዘብኝ ብለው ካወሩ ይኼን ስቱዲዮ መዝጋቴ ነው።»

በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። እመቤቲቱ መንገድ እያቋረጡ ነው። ትልቁን ፍሬም በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከኋላቸው እንደሳቸው ሞላ ያሉ ሦስት ሴቶች፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው፣ ታኮ ጫማቸውን እያንቋቁ ይከተላሉ።

«እህቶቻቸውን አስከትለው መጡ! ፍሬሙን ጭንቅላቴ ላይ ሊሰብሩት ነው። የለም በያቸው!» ብሎ ባሕር የተሣለበት መጋረጃ ኋላ ተወሸቀ። ድሮም ከጠብ ጋር አይተዋወቅም።

በሩ ተበረገደ።

«ያ ፎቶ አንሺ የታለ?»

«ወጥቷል፣ እትዬ» አለች እህትየው።

እመቤቲቱ ከባሕሩ ሥር ብቅ ያሉትን ሁለት ጫማዎች አዩ። «እግሩን እዚህ ትቶ ነው የወጣው?»

ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት። «ና ውጣ! ይኼን ጉድህን ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩት ጀምሮ ቤቴ ሰላም የለም። ባሌ አፉን ይዞ ቀረ፤ እነዚህ ደግሞ ካላደረስሽን ብለው ወጥረው ያዙኝ።»

መጋረጃው ተንቀጠቀጠ። «እትዬ፣ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ! አሁኑኑ አስተካክዬ እንደገና እሠራዋለሁ።»

«እንዳትነካው! ይልቅ ውጣና እነዚህንም ልክ እንደኔ አድርገህ አንሳቸው።»

የባሕሩ ጫፍ ገለጥ አለ። ከዚያ ከኋላው ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦

«እህቴ፣ ያስተካከልሽውን ቶሎ አበላሺልኝ።»