ነፊሳ ያስታቀፈቻት ልጅ

ስንቅነሽ ባሕር ዳር ገበያ እንስራዎቿን ደርድራ ተቀምጣ ሳለ፣ በፊቷ ሲያልፍ የነበረ ልጅ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ ግን ወባ ነው ያለ ሰው አልተገኘም። «ፈላሻዋ በላችው! ቡዳዋ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ገበያተኛውም ከበባት። አንዱ እንስራዋን በርግጫ ሰበረው፤ ሌላው ድንጋይ አነሣ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ዳር ቆሞ ያያል።

ያን ጊዜ አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጠው ነፊሳ ሰዉን እየገፋች ገባች። የአራስነት ጠረኗ ያልለቀቃትን ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና «እቴ፣ እስቲ ይችን ያዥልኝ፤ ጨርቅ ልለካ ነው» አለቻት።

ስንቅነሽ እጇን አልዘረጋችም። በቤተ እስራኤል ሕግ ከሌላ እምነት ሰው ጋር መነካካት አይፈቀድም፤ ሁለቱ ለዓመታት ዕቃ ሲቀባበሉ እንኳ መሬት ላይ እያስቀመጡ ነበር።

«ሕጌን እያወቅሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ለዛሬ ብቻ እሺ በይኝ።»

ስንቅነሽ ሕፃኗን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ልጅቱ አዛጋችና እንቅልፏን ለጠጠች። ሰውየው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ጣለው። የታመመውንም ልጅ እናቱ አዝላ ወደ ክሊኒክ ሮጠች።

ገበያው ሲበተን ስንቅነሽ እንደ ሕጓ ልትታጠብ ወደ ጣና ወረደች። ነፊሳም ተከትላት ሄዳ፣ ማንም እንዳይመጣባት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችላት።

«በኔ የተነሣ በብርድ አለቅሽ!» አለቻት።

ስንቅነሽ ከውኃው ውስጥ ሳቀች። «ልጅሽ ሸንታብኛለች፤ ሕግ ባይኖርም መታጠቤ አይቀርም ነበር!»