ከሉብና በፊት የምትመጣዋ

ሉብና የቤት ለቤት ነርስ ናት። ጠዋት ጠዋት ከወልዲያ መርሳ ወርዳ፣ ከአልጋ የማይነሱትን እማማ ቡርቱካንን ታጥባለች፤ ጀርባቸው እንዳይቆስልም ታገላብጣቸዋለች። ልጃቸው አብዱልሐሊም ሐራ ከተማ ስለሚነግድ፣ በማለዳ በሩን ቆልፎባቸው ይሄዳል። ሌላው ቁልፍ ያለው ሉብና ዘንድ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ከፍታ ስትገባ እማማ ታጥበው፣ በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ ዞረው ተኝተዋል።

«ማን አጠበዎት?»

«ካንቺ በፊት የምትመጣዋ ናታ! እጇ በረዶ ነው እንጂ ሙያዋስ ማሻ አላህ ነው። ከቀኝ ጀምራ ሦስት ጊዜ አጠበችኝ፤ የመጨረሻውን ካፉር በገባበት ውሃ።»

ሉብና ክው አለች። የሞተ እንጂ በሕይወት ያለ ሰው በካፉር ሲታጠብ አይታ አታውቅም።

ቢሮ ደወለች። «መርሳ የምንልከው አንቺን ብቻ ነው» አሏት። አብዱልሐሊምም ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም ብሎ ማለ፤ ማታውኑ የበሩን ቁልፍ ቀየረ።

በማግስቱ አብዱልሐሊም በሰጣት አዲስ ቁልፍ ከፍታ ገባች። እማማ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ገላቸው ደረቅ ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ዛሬ አልመጣችም ማለት ነው?»

«መጥታ ነበር። ‹ሰው ተሳስቼ ነው፣ እማማ፤ አፉ ይበሉኝ› ብላኝ ወጣች። አብሽሪ ልጄ፣ ሁለተኛ አትመጣም።»

ሉብና በረጅሙ ተነፈሰች። ውሃውን በሳፋ አቅርባ፣ እንደ ልማዷ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ቀኝ ክንዷ ከጣቷ እስከ ትከሻዋ እርጥብ ነበር። ካፉር ካፉር ይሸታል።