በግራ እጅ

ሴትዮዋ ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠችበትና ማውሱን በግራዋ ያዘች። ባሏን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከዛለ ወዲህ፣ በብረት ሥራ ቤታቸው የበርና የመስኮት ንድፍ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ሁለት ፕሮግራም ጭኖላት ሲሄድ፣ «እትዬ፣ የመጀመሪያው የማይሠራው ነገር የለም» ብሏት ነበር። ፕሮግራሙ ግን አንዲት ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር እንኳ ሁለት እጅ ፈለገ፤ አንዱን ለማውሱ፣ ሌላውን ለቁልፎቹ። «ይሄ ለባሌ አይሆንም» ብላ ዘጋችው። ሁለተኛው ማስመሪያና መለኪያ ብቻ ነበረው፤ በማውስ ብቻ ይሠራል። መስመሩ እየተጣመመባትም ቢሆን አንድ በር ሣለችበት።

«ቀኝ እጅሽን ምን ነካው?» አላት ባሏ፤ ምርኩዙን ተደግፎ ከኋላዋ ቆሞ ኖሯል።

«ደንዝዞብኝ ነው።»

ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «እስቲ ተነሺ።»

ተቀምጦ በግራው መስኮት ሣለ። ተንሻፈፈበት፤ አጠፋው። ደግሞ ሣለ፤ ያንንም አጠፋው።

«ደንበኛው ነገ ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። «ሥራውን ለሌላ እንልቀቀው ይሆን?»

«ይምጣ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ይልቅ የመስኮቱን ቁመት ንገሪኝ።»