ያልተጠማው ማሽላ

ዶክቶራ ፋሪሃ ጣቷን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ሰደደችው። ስታወጣው ጭቃ ይዞ ወጣ። ወደ ሁለተኛው ጣሳ ዞረች፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ጣቷን በመሐረብ ጠረገችና ተማሪዋን ናስራን ቀና ብላ አየቻት።

“ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ማሽላ ውሃ ጠጥቷል።”

የናስራ ፊት ነደደ። ወላሂ አላጠጣሁም ልትል አፏን ከፈተች። ጭቃው ግን እዚያው መሐረቡ ላይ አለ፤ ከጭቃ ጋር ምን ክርክር ይገባል?

ዩኒቨርሲቲው በረብሻ ሲዘጋ፣ ናስራ ለማስተርሷ የምታጠናውን ማሽላ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ እናቷ በተከራየችው ቤት ግቢ ውስጥ በወተት ጣሳ ዘራችው። ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ይጠማል። በተክሉ ሥር፣ በእያንዳንዷ ሕዋስ ሽፋን ላይ፣ ውሃ የሚያሳልፉ ጥቃቅን የፕሮቲን በሮች አሉ። ተክሉ ሲጠማ የትኞቹን ዘግቶ ይቆጥባል? የትኞቹን ከፍቶ ያድጋል? እሷ የምትፈልገው ይህንን ነው። የተጠማው ሥር ዛሬ ተቆርጦ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ማታ ከዶክቶራ ጋር መለኪያ መሣሪያው ወዳለበት አገር መብረር ነበረበት። ከዶክቶራ ሌላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም።

ደግሞ ጉራዋ! የተጠማው ማሽላ ቅጠሉን ሳይጠቀልል፣ ጭራሽ እያደገ ሲሄድባት፣ “ዶክቶራ፣ በሮቹን ዘግቶ ውሃውን ይዞታል! መጥተው ይዩልኝ” ብላ በደስታ ስልክ የደወለችው ራሷ ናት።

“ማን ነው ያጠጣው?” አለች ዶክቶራ።

ከጓዳው በር ሉጥፊያ ብቅ አለች፣ የናስራ እናት። ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ሌላውን ቀን ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ነው የምትውለው። ናስራ በዚያ መጥረጊያ ነው የተማረችው። ሉጥፊያ ከሰላት በፊት የምትታጠብበትን የውዱእ እብሪቋን በእጇ ይዛለች።

“እኔ ነኝ” አለች በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ ፈገግ ብላ። “ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ውዱእ አድርጌ የተረፈችውን ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ሚስኪኖች! በትምህርት ተወጥራ ረስታቸው መስሎኝ። የተጠማ ነገር አጠገቤ ቆሞ እኔ እንዴት ሰላት እገባለሁ?”

ናስራ ማሽላው ለምን እንደሚጠማ ነግራት አታውቅም። አንድ ቀን እናቷ፣ “እነዚህ ለምን ደረቁ?” ብላ ስትጠይቃት፣ “ተይው ዩማ፣ አይገባሽም” ብላት ነው ያለፈችው። ቁጭ ብላ ብታስረዳት ምን ነበረበት?

ዶክቶራ ሉጥፊያን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። “ይቺ ደግሞ ማን ናት?”

ናስራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የከሰላ ልጅ ነኝ እያለች ነው የኖረችው። የወሎዋን እናቷን ለማንም አሳይታ አታውቅም።

“ሸጋላችን ናት” አለች። የቤት ሠራተኛችን።

ምነው ያኔ ምድር ተከፍታ በዋጠቻት!

ሉጥፊያ ዐረብኛዋ ቢሰባበርም ይቺን ቃል አትስታትም፤ ስንት ዓመት ተጠርታባታለች። ልጇን አየቻት። ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን ላይ እንደሚያርፍ ግራ የገባው ይመስል ትንሽ ቆየና ሄደ። እብሪቁን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“አይዋ፣ አዎን ዶክቶራ” አለች አንገቷን ደፍታ። “ሠራተኛዋ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን አይቆጧት።”

“እንግዲህ ለዘንድሮ አልሆነም” አለች ዶክቶራ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። “ለከርሞ ኢንሻአላህ። ግን ናስራ፣ ምክሬን ስሚ፣ ይቺን ሴትዮ ቀይሪያት። ሥራሽን ሁሉ ታበላሽብሻለች።”

እናቴ ናት ማለት የነበረባት አሁን ነው። ሁለት ቃል ናት። ናስራ አፈረች፤ መጀመሪያ በእናቷ፣ አሁን ደግሞ በራሷ። “እሺ” አለች።

ሉጥፊያ ጓዳ ገብታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በትሪ ይዛ ወጣች፤ ቤቷ የመጣ እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ ሄዶ አያውቅም። ዶክቶራ እንደቆመች ጨለጠችና አመስግና ወጣች። ሉጥፊያ ትሪውን ወደ ልጇ አዞረች።

“ተፈዳሊ፣ ይውሰዱ ማዳም።”

ናስራ እናቷ ፊት ላይ ቁጣ ፈለገች፣ ሽሙጥ ፈለገች፤ አንዱም የለም። ያየችው እናቷ ዐማራት፣ በሰው ቤት፣ ይዛው የምትውለው ፊት ነው። ናስራ በዕድሜዋ ሙሉ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ደጅ አውልቃው ነበር የምትገባው።

ብርጭቆውን አንስታ አፏ ላይ አደረገችው። ሳትጠጣ መልሳ ዝቅ አደረገችው። የዶክቶራ መኪና ተነሥቶ፣ ድምፁ ከመንገዱ ጫፍ ጠፋ፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሉጥፊያ ግን ትሪውን እንደያዘች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ባዶውን ብርጭቆ ልትቀበል ቆማለች።