«አይበቃትም» ብላ የጻፈችው ልጅ

«ልጅቷ እንዲህ ከሆነች... እናቷ እንዴት ልትሆን ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሻሂ እየቀዳሁ ነበር... ብርጭቆው ሞልቶ እጄ ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማኝም።

ልጅቷ የኔ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እዚህ ሰቆጣ፣ ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጡ የሒሳብ ተጠሪ መምህራን የሦስት ቀን ስልጠና ነበራቸው። እኔ ሻሂ ልቀዳላቸው ነው የተቀጠርኩት።

አሰልጣኟ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ይባላሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ናቸው። አስቀድመው «ተማሪ የተሳሳተበትን ደብተር ይዛችሁ ኑ» ብለዋቸው ነበር።

ሁሉም ማለት ይቻላል ይዘው የመጡት ግን አንደኛ የሚወጣ ተማሪያቸውን ደብተር... ከዳር እስከ ዳር ራይት!

«ምነው? የተሳሳተ እኮ ነው ያልኳችሁ!»

«እንዴ ወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ ገመናችንን በፌስታል ቋጥረን እንምጣ እንዴ?» አለ ከአምደወርቅ የመጣው መምህር።

የተሳሳተ ደብተር የያዘ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ... መምህር ደግሰው። የልጄ የምስራቅ አስተማሪ ናቸው። ትምህርት ቤት የሚያደርሷት አያቷ ስለሆኑ እኔን አያውቁኝም።

ቆመው ጥያቄውን አነበቡት።

«አንዲት ሴት ሃያ ጣሳ ባቄላ ይዛ ገበያ ወጣች። ለአራት ሰዎች አምስት አምስት ጣሳ ብትሸጥ ስንት ጣሳ ይተርፋታል?»

«ዜሮ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ልጅቷ የጻፈችው ግን... ‹አይበቃትም› ብላ ነው።»

ያ ሁሉ ሳቅ የመጣው ያኔ ነው።

ያን ደብተር አውቀዋለሁ። ከስልጠናው በፊት በነበረው ሳምንት ኤክሱን ሳየው ደሜ ፈልቶ «ደደብ! አንቺም እንደኔ ከስድስተኛ ልትቀሪ ነው?» ብያት ነበር።

ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት «ዝም በይ!» አልኳት።

ደብተሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው...

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ትምህርት ቤት አልሄድም» እያለች ታለቅሳለች። አያቷ በልመና ነው የሚወስዷት።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ማካፈል አልገባትም» አለ አንዱ።

«ኧረ መደመርም!»

«ቤቷ ኽምጣንጋ ይሆናል የሚያወሩት፤ አማርኛው ተምታቶባት ነው» አለች ሌላዋ።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ...

«መምህር ደግሰው፣ ልጅቷንስ ጠይቀዋታል?»

«ምን ብዬ?»

«‹ለምን አይበቃትም?› ብለው።»

መምህሩ አቀረቀሩ።

«አልጠየቅኋትም... ከደካሞቹ ጋር ኋላ ነው ያስቀመጥኋት።»

ይኼን አላውቅም ነበር። ምስራቅ አልነገረችኝም። ዝም በይ ብያት የለ...

አሰልጣኟ ዞር ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«እህቴ፣ ገበያ ሸጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ... ጥራጥሬ እሸጣለሁ።»

«እስቲ ሃያ ጣሳ ባቄላ ይዘሽ ለአራት ሰው አምስት አምስት ብትሸጪስ?»

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ኧረ አይበቃኝም!»

«ለምን?»

«ምራቂውስ? አምስት ጣሳ ሙሉ የገዛኝን ሰው አንድ እፍኝ እንኳ ሳልመርቅለት ልሰደው? ለሦስቱ እንደምንም ባደርስ አራተኛው ይጎድልበታል።»

የሳቀው ሁሉ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። መምህር ደግሰው ኤክሱን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።

ልጄ አልተሳሳተችም። ከጎኔ ተቀምጣ ስሰፍር ያየችውን ነው የጻፈችው። ይኼን ደግሞ በዓለም ላይ ከኔ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት?

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ፈገግ አሉ።

«ልጅቷን ታውቂያታለሽ እንዴ?»

ይኸው... በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል። «ልጄ ናት» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ግን ያ «እናቷ እንዴት ልትሆን ነው» ያለው ሰውዬ ትክ ብሎ ያየኛል። ሽርጤ ደግሞ ሻሂ በሻሂ ሆኗል...

«አይ... አላውቃትም» አልኩ።

ፔርሙሱን አንስቼ ወጣሁ።

ስልጠናው ባለቀ ማግስት ምስራቅ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

«እማ! እማ! መምህር ይቅርታ ጠየቁኝ! በሁሉም ፊት! ‹መልስሽ ልክ ነበር፤ ሳልጠይቅሽ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› አሉኝ። ከፊት አስቀመጡኝ!»

«እሰይ የኔ ልጅ...»

«‹ምስራቅን ጭራሽ የማታውቃት፣ ስልጠናው ላይ ሻሂ የምትቀዳልን ሴትዮ እንኳ ልክ እንደሷ መለሰች› አሉ። ተጨበጨበልኝ!»

ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። አየችኝ።

«እማ... እዚያ ሻሂ የምትቀጂው አንቺ ብቻ አይደለሽ?»

ወደ ምድጃው ዞርኩ።

«አታውቂኝም?»

መምህሯ በሃምሳ ልጅ ፊት ይቅርታ ጠየቁ... እኔ ማንም በሌለበት፣ በገዛ ቤቴ፣ ለአንዲት ልጅ የምለው አጣሁ።

ወገኖቼ... ልጅ ሲሳሳት ከመቆጣታችሁ በፊት «እንዴት አስበሽው ነው?» በሉ። መምህሩ ያልጠየቀውን ጥያቄ እናትም ካልጠየቀች ማን ይጠይቃታል?

ደግሞ ሰው ሲስቅባት «የኔ ናት» በሉ። በሳቁ መሐል በሉት። ሳቁ ካቆመ በኋላማ ማንም ይለዋል... እኔ ያኔም አላልኩትም።

እናንተስ... ሰው ፊት «የኔ ነው» ማለት አፍራችሁ ዝም ያላችሁበት ሰው አለ? ዛሬ ፊታችሁ ቢቆም ምን ትሉት ነበር? እኔ ለምስራቅ የምላትን እስካሁን አላገኘሁም፤ እስቲ ከታች ጻፉልኝ...