የሱቁ መዝጊያ

ሩታ ሜትሩን ዘርግታ የሱቁን በር ወርድ ትለካለች፤ ጫፉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ልጅቷ የመጣችው ከቅርስ ቢሮ ነው። ቤቱ ከተመዘገበ ይተርፋል፤ ካልተመዘገበ ከታች የሚመጣው መንገድ ይበላዋል።

«ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ» እያለች ትጽፋለች። «ጉለሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ቀረ? ግን ጋሼ ማቲያስ፣ ይሄ የቆርቆሮ በር ነጥብ ያስቀንስብናል። የድሮው መዝጊያ የት ሄደ?»

ዓይኔን ሜትሩ ጫፍ ላይ ጣልኩ።

እትዬ የዓለምወርቅ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። እኔ የምኖረው ጓሮ፣ አባቴ በኖረባት ሰርቪስ ነው። አባታቸው አክሊል (እኔ አቶ አልለውም) ይህን ቤት በእጁ ያቆመለትን አባቴን «አናጢው» እንዳለው ሞተ። «አናጢው ደረጃው ላይ ይብላ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አክሊል ሞቶ ሱቁ ሲዘጋ መዝጊያውን ነቀልኩት።

«ምስጥ በላው» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

ቀና አልኩ። እኔን አያዩም።

«ውይ! ሙሉውን?»

«ምስጥ ምን ይተዋል፣ ልጄ? የሠራው ሰው ግን ይጻፍልኝ። አቶ ኢታና በዪ። የማቲያስ አባት ናቸው። መዝጊያው ላይ የወይን ሐረግ ፈልፍለውበት ነበር፣ ከነወፎቹ። ልጅ ሆኜ ሐረጉን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ጫፍ እሄድ ነበር።»

አቶ ኢታና። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ቃል መጣና ፊቴን አነደደው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያውቃሉ እኮ! በየማለዳው ውኃ ይዘው የሚገቡበትን በር እንዴት አያውቁም?

ሩታ ወረቀቷን አጠፈች። «እማማ፣ ይቅርታ... ሽንት ቤት ይኖራል?»

እትዬ የዓለምወርቅ ያኔ አዩኝ። «የኛማ አይመችሽም። ማቲያስ፣ ጎረቤት ውሰዳት።»

«ኧረ እማማ! እኔም እዚሁ አዲሱ ገበያ ያደግኩ ነኝ» ብላ ሳቀችና ሜትሩን አስይዛኝ ወደ ጓሮ ዞረች።

ተከተልኳት። ምን ብዬ ላስቁማት?

የሽንት ቤቱ በር ከውጭ ሲታይ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን የመታሁበት እኔ ነኝ። የመዝጊያውን የተፈለፈለ ፊት ወደ ውስጥ አዙሬ ነው የገጠምኩት፤ የአክሊል ዘር ቁጢጥ ብሎ እንዲያየው። አባቴ ግን ያኔ በሕይወት ነበር። ሌላ ሽንት ቤት አልነበረንም። እስኪሞት ድረስ ስድስት ዓመት እዚያው ገብቶ ወጣ፤ አንድ ቀን እንኳ ምንም አላለኝም።

መቀርቀሪያው ገባ።

ከዚያ በበሩ ሥር የስልክ ካሜራ ብርሃን ብልጭ አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ብልጭ አለ።