ጎጆ ጠባቂው

ዌንደል ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን በመቅዘፊያ ወደ ዳርቻው አስጠጋት። ውሃው እዚህ ከጉልበት አያልፍም። ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ታላቅ ወንድሙ ኦርቪል ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ተቀምጧል፤ ከማለዳ ጀምሮ መንጠቆውን የነካለት ዓሣ የለም።

«ጌታው፣» አለ ኦርቪል ዞር ብሎ፣ «ለመሆኑ ይሄን ሐይቅ ታውቀዋለህ? ወይስ ዝም ብለህ ነው ቤንዚን የምታቃጥለው?»

«ትንሽ ትንሽ አውቀዋለሁ።»

«ትንሽ ትንሽማ እኔም አውቀዋለሁ።»

ዌንደል ጀልባዋን በመቅዘፊያው ገፋ አደረጋት። ይሄን የአላባማ ሐይቅ እያንዳንዱን ጉድባና ግንድ በእጁ እየጠቆመ ያስተማረው ኦርቪል ነው። ዌንደል ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ መሪ ሆኖ ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላውም በዚያ ትምህርት ነው። አምና ኦርቪል የዌንደልን ስም ይስት ነበር። ዘንድሮ ወንድም እንዳለውም ረስቶ፣ ዌንደልን ተቀጥሮ የመጣ ጀልባ ነጂ አድርጎታል።

«አጎቴ፣ አንዲት ዓሣ ብቻ አስይዘው፣» ብላው ነበር የኦርቪል ልጅ ሎሬታ፣ ጠዋት ከጀልባ መሳፈሪያው ላይ። የአባቷ ልብስ በሻንጣ ታሽጎ መኪናዋ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ በርሚንግሃም ወዳለው የአዛውንቶች ማረፊያ ትወስደዋለች፤ እዚያ ከቧንቧው በቀር ውሃ የለም።

ሌላ ወቅት ቢሆን አንዲት ዓሣም ጭንቅ ነበረች። በበጋ ባሱ ሙቀቱን ሸሽቶ፣ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ይሄድበት የነበረው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጥልቀት ንክሻን በጣት መለየት ከኦርቪል እጅ ጠፍቷል። በመኸር ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ገባር ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ ያኔ አርቆ መወርወር ይጠይቃል። በብርዱ ወራት ደግሞ መንጠቆው ላይ የሚሰካውን የላስቲክ ትል ከሥር አስተኝቶ መጠበቅ ነው፣ ኦርቪል ግን ምን እንደሚጠብቅ ይረሳል።

አሁን ጸደይ ነው። ዳርቻው ላይ ያሉት ዛፎች ነጭ አበባ አውጥተዋል፣ ባሱም ሊራባ ወደ ጠረፍ ወጥቷል። ወንዱ ጠጠሩን በጭራው ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ወንዱ ብቻውን ቀርቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጎጆውን ይጠብቃል፤ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። እሱን ሕፃንም ይይዘዋል። ለዚህም ነው ኦርቪል ገና ዱሮ፣ ጎጆ ላይ መንጠቆ አይጣልም ብሎ ሕግ ያወጣው። ዌንደል በዚያ ሕግ ስንቱን እንግዳ አስቀይሟል። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

ከውሃው ሥር ጠጠሩ ላይ ሰፌድ የሚያክል የጸዳ ክብ ይታያል። ከላዩ ጥቁር ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኦርቪል ዓይኑ ደክሟል፣ አያየውም ብሎ ዌንደል ራሱን አጽናና።

«እዚያች ግንድ አጠገብ ጣላት።»

የኦርቪል እጅ መወርወር አልረሳም። ትሏ ኮሽ ሳትል አረፈች፣ ዘንጉም ወዲያው ጎበጠ። ኦርቪል ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሳቀ፤ ዌንደል ይሄን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው! ወንድሙ ዓሣውን በታችኛው ከንፈሩ ይዞ ሲያነሣው ዓለም ሁሉ ወደ ቦታዋ የተመለሰች መሰለው።

ኦርቪል በሌላ እጁ የዓሣውን ጎን ዳበሰ፣ ወደ ጭራው ወረደ፣ እዚያም አውራ ጣቱ ቆመ። ጠጠር ሲጠርግ የሰነበተ ጭራ ነው፤ ጠርዙ ተልጦ ደም ቋጥሯል። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ይሄ እኮ ከጎጆ ነው የተነሣው።»

ኦርቪል ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ አገኘውም። ሆዳቸው ብርቱካናማ የሆነ ትንንሽ ዓሦች ክቡ ላይ ተረባርበው እንቁላሉን ይለቅማሉ።

«እየበሉበት ነው፣» አለና መንጠቆውን ነቅሎ ዓሣውን ለቀቀው። ዓሣው ደንግጦ ወደ ጥልቁ ሸመጠጠ።

ኦርቪል ተቀመጠ። ድምፁ ቁጣ የለውም፣ ያ ነው የባሰው።

«ዓሣ ማጥመድ ማን አስተማረህ?»

«ወንድሜ።»

«ጎጆ ላይ መንጠቆ አይጣልም አላለህም?»

«ብሎኛል።»

«በሕይወት አለ?»

ዌንደል የወንድሙን ፊት አየ። «አለ።»

«እንግዲያው እንዳትነግረው። ያዝንብሃል።»

«አልነግረውም።»

ኦርቪል የዌንደልን መቅዘፊያ ከእጁ ወሰደና ጫፉን ክቡ ላይ አንቦጫረቀ። ትንንሾቹ ተበተኑ፣ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። ደግሞ አባረራቸው። «አባትየው እስኪመጣ እንጠብቅለታለን፣» አለ። «ቤት ባዶውን አይተውም።»

ከወዲያ ማዶ፣ ከመሳፈሪያው በኩል፣ የሎሬታ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?» አለ ኦርቪል፣ ዓይኑን ከጎጆው ሳያነሣ።

«እንጃ፣» አለ ዌንደል፤ ከጀልባዋ ወለል ላይ ሁለተኛውን መቅዘፊያ አንሥቶ እሱም ጫፉን ወደ ክቡ ሰደደ።